በጨረቃ ዙሪያ ያየነው ቀለበት



አያሙል ቢድን ጾመን ያፈጠርንበት ማታ ነበር። ከግቢ ውጪ ካለው መስጂድ ዒሻ ሰግደን ስንመለስ ከመካከላችን አንዱ ቀና ብሎ አየና ቆመ። እኛም ቆምን። ጨረቃዋ ሙሉ ነበረች፤ በዙሪያዋ ደግሞ በኮምፓስ የተሣለ የሚመስል ትልቅ ነጣ ያለ ክብ ተዘርግቷል። በክቡና በጨረቃዋ መካከል ያለው ሰማይ ከክቡ ውጪ ካለው ይልቅ ጠቆር ይላል። ሱብሓነላህ አልን፤ ስልክ አወጣን፤ ፎቶ አነሣን። እስከዚህ ድረስ ምንም ጥፋት አልነበረም።

ጥፋቱ የመጣው ዶርም ከገባን በኋላ ነው። ፎቶው በቴሌግራም ከግሩፕ ወደ ግሩፕ ሲዞር በየመንገዱ ጽሑፍ እየተጨመረበት ሄደ። መጀመሪያ «ዛሬ ማታ በመቀሌ ሰማይ ላይ የታየ» ይል ነበር። ቀጥሎ «ይህ ምልክት ነው፤ ለወዳጅ ዘመድ አድርሱ» ሆነ። እኩለ ሌሊት ሳይሞላ «ጨረቃ ስትከበብ ጦርነት ይመጣል» የሚል ተለጥፎበት ተመልሶ እኛው ዘንድ ደረሰ። ካስተላለፉት መካከል የእኛው ጀመዓ ልጆች ነበሩ። እውነቱን እንናገር ካልን፣ ይህን ጽሑፍ ከምናዘጋጀውም ውስጥ ሳያነብ ሸር ያደረገ አለ። በማግስቱ አንዲት እህታችን፣ እናቷ ከገጠር ደውለው «ልጄ፣ ትምህርቱ ይቅርብሽ፤ ዕቃሽን ሰብስበሽ ነይ» እንዳሏት እያለቀሰች ነገረችን።

በሌላ ከተማ ቢሆን ነገሩ ተስቆበት ይታለፍ ይሆናል። እዚህ ግን አይሳቅበትም። ጥቅምት 25 ቀን 2013 ዓ.ም ከጀመረው ጦርነት አንስቶ ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም የፕሪቶሪያው ስምምነት እስኪፈረም ድረስ በዚህ ከተማ ምን እንደነበረ የሚያውቅ ያውቀዋል። ባንክ ተዘግቶ፣ ስልክ ተቋርጦ፣ ዩኒቨርሲቲው ከተማሪ ባዶ ሆኖ ያለፈ ጊዜ ነው። ያንን ያየች እናት ስለ ጦርነት የሚያወራ አንድ መስመር ጽሑፍ ሲደርሳት እንቅልፍ አይወስዳትም። ስለዚህ የጨረቃው ቀለበት ለእኛ የሳይንስ ጨዋታ ብቻ አይደለም። የሰው እናት እንዳትተኛ ያደረግነው እኛ ነን።

ይህ አስተሳሰብ ከየት እንደመጣ ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም፣ እሑድ ጠዋት፣ ፀሐይ ስትጋረድ አብዛኞቻችን በኮሮና ምክንያት ትምህርት ተዘግቶ ቤታችን ነበርን። በላሊበላ ሰማይ ላይ ፀሐይዋ ቀለበት ሆና ታየች፤ መቀሌ ላይም አብዛኛው ክፍሏ ተሸፍኖ ቀኑ ደብዘዝ ብሎ ነበር። ከዚያ አምስት ወር እንኳ ሳይሞላ ጦርነቱ መጣ። ሁለቱን ያላገናኘ ሰው ጥቂት ነው፤ «ያኔ ፀሐይዋ ነግራን ነበር» የሚል ንግግር እስከ ዛሬ እንሰማለን። ነገር ግን ያ ግርዶሽ ከኮንጎ ተነሥቶ በደቡብ ሱዳንና በእኛ አገር አልፎ፣ የመንን፣ ኦማንን፣ ፓኪስታንንና ሕንድን አቋርጦ፣ በቻይና በኩል ታይዋን ደርሷል። ኦማን ላይ ምን መጣ? ታይዋን ላይስ? የግርዶሹን ቀንና ሰዓት የሥነ ፈለክ ሰዎች ከብዙ ዓመታት በፊት አስልተው አስቀምጠውት ነበር። ጦርነቱን ግን ማንም በሒሳብ አላወጣውም፤ ጦርነት የሰዎች ሥራ ነውና። ጥፋቱን ሰማይ ላይ ስንሰቅል እግረ መንገዳችንን መሬት ላይ ያለውን ሰው ከተጠያቂነት እናወጣዋለን። ይህ ጉዳይ ከሚመስለው በላይ ከባድ ነው ብለን እናምናለን።

በዚህ ጉዳይ ሙስሊም ተማሪ ሌላ ሰው ዘንድ ሄዶ መልስ መፈለግ አልነበረበትም። የነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ልጅ ኢብራሂም፣ ከማሪያ የወለዱት፣ ሁለት ዓመት ሳይሞላው ሲሞት በዚያው ቀን መዲና ላይ ፀሐይ ተጋረደች። የሥነ ፈለክ ሊቃውንት ወደ ኋላ አስልተው ቀኑን እ.ኤ.አ ጥር 27 ቀን 632 ላይ ያደርጉታል። ሰዎቹ ወዲያው «ለኢብራሂም ሞት ነው» አሉ። እስቲ ቆም ብለን እናስብ። አንድ መሪ፣ ልጁን በቀበረበት ቀን፣ ሕዝቡ ራሱ ተነሥቶ «ሰማይ ስለ አንተ አለቀሰ» ሲለው ዝም ቢል ምን ያጣል? ምንም። ዝናው ይጨምራል እንጂ። እሳቸው ግን ዝም አላሉም። ፀሐይና ጨረቃ ከአላህ ምልክቶች ሁለቱ መሆናቸውን፣ ለማንም ሰው ሞት ወይም ሕይወት ብለው እንደማይጋረዱ ነገሯቸው፤ ከዚያም ወደ ሶላትና ወደ ዱዓ አዞሯቸው። ቡኻሪና ሙስሊም የዘገቡት ይህ ሐዲስ በዲናችን ውስጥ የታወቀ ነው፤ በየኹጥባው እንሰማዋለን። ለገዛ ልጃቸው ያልፈቀዱትን እኛ ለፌስቡክ ላይክ ፈቀድነው።

«ምልክት» የሚለውን ቃልም ልብ እንበል። ሐዲሱ ፀሐይና ጨረቃ ምልክት አይደሉም አላለም፤ የአላህ ምልክቶች ናቸው ነው ያለው። ያፈረሰው ምልክትን ወደ ትንቢት መቀየርን ነው። ሙእሚን ሰማይ ሲያይ ልቡ ሊደነግጥ ይችላል። እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) እንደዘገበችው ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ከባድ ደመና ሲያዩ ፊታቸው ይለወጥ፣ ይገቡ ይወጡም ነበር፤ ዝናብ የመጣ መስሏቸው ቅጣት ያገኛቸውን የዓድ ሕዝቦች እያሰቡ። ዝናቡ ሲወርድ ነው የሚረጋጉት። ይህ አላህን መፍራት ነው። ጨረቃ ተከበበች ብሎ «በዚህ ወር ይህ ይሆናል» ማለት ግን ሌላ ነገር ነው፤ ጢየራ ይባላል፣ ገድ ማየት ማለት ነው፣ ተከልክለናል።

አሁን ወደ ቀለበቱ እንመለስ። ለመሆኑ ምንድን ነው?

መጀመሪያ ማወቅ ያለብን ቀለበቱ ጨረቃዋ ዘንድ አለመሆኑን ነው። ጨረቃ ከእኛ 384,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች። ቀለበቱ ያለው እዚሁ ከራሳችን በላይ፣ ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ከፍ ብሎ በተዘረጋ ስስ ደመና ውስጥ ነው። መቀሌ ራሷ ከባሕር ወለል በላይ 2,250 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች ከብዙ ከተሞች ይልቅ ለዚያ ደመና እንቀርባለን። ደመናው በጣም ስስ ከመሆኑ የተነሣ ብዙ ጊዜ መኖሩንም አናስተውለውም፤ ከዋክብቱ ትንሽ ፈዘዝ ይላሉ እንጂ። ያን ያህል ከፍታ ላይ ቅዝቃዜው ከዜሮ በብዙ ዲግሪ ዝቅ ያለ ስለሆነ ደመናው የውሃ ጠብታ ሳይሆን ደቃቅ የበረዶ ቅንጣት ነው።

ቅንጣቱ ባለ ስድስት ጎን ነው። በእጃችሁ ያለውን እርሳስ ተመልከቱ፤ ክብ ያልሆነውን፣ ጠርዝ ጠርዝ ያለውን። የበረዶው ቅንጣት በዓይን የማይታይ አጭር እርሳስ ነው በሉ። የጨረቃ ብርሃን በአንዱ ጎን ይገባል፤ ቀጥሎ ያለውን ጎን ዘልሎ በሦስተኛው ይወጣል። በእነዚህ በሁለቱ ጎኖች መካከል ያለው ማዕዘን 60 ዲግሪ ነው። ስለዚህ ቅንጣቱ ፊዚክስ ላብ ውስጥ እንዳየነው ባለ ሦስት ማዕዘን መስተዋት ብርሃኑን ያጥፈዋል። ቅንጣቶቹ በየአቅጣጫው እየተገለባበጡ ስለሚንሳፈፉ ብርሃኑም በየዓይነቱ ይታጠፋል። ነገር ግን አንድ ወሰን አለ፤ በዚህ መንገድ ያለፈ ብርሃን ከ22 ዲግሪ ባነሰ ሊታጠፍ አይችልም፤ አብዛኛውም እዚያው 22 ዲግሪ አጠገብ ይከማቻል። የተከማቸው ብርሃን ነው ቀለበቱ። ከ22 ዲግሪ ያነሰ ስለሌለ ደግሞ የቀለበቱ ውስጥ ጠቆር ብሎ ይታያል። ያን ማታ ያስገረመን ጥቁር ሰማይ ምስጢሩ ይኸው ነው።

ይህን ማረጋገጥ ለሚፈልግ መሣሪያ አያስፈልገውም። ክንዳችሁን ሙሉ በሙሉ ዘርጉና ጣቶቻችሁን ፈርከክ አድርጉ። አውራ ጣታችሁን ጨረቃዋ ላይ ብታሳርፉት ትንሿ ጣታችሁ ቀለበቱ አካባቢ ትደርሳለች። አንድ ስንዝር መሆኑ ነው። ዛሬም፣ የዛሬ ዓመትም፣ አዲስ አበባም፣ ጅማም ያው ስንዝር ነው። ስለ ጦርነት የሚያወራ ነገር ቢሆን ኖሮ ቢያንስ መጠኑ አንዳንዴ ይለዋወጥ ነበር።

በዓይናችሁ ደኅና ትኩረት ካያችሁ የቀለበቱ ውስጠኛ ጠርዝ ቀላ ይላል፤ ቀይ ብርሃን ከሌሎቹ ቀለሞች ያነሰ ስለሚታጠፍ ነው። በፀሐይ ዙሪያ ሲሆን ቀለሙ ይበልጥ ይጎላል፤ የጨረቃዋ ብርሃን ደካማ ስለሆነ ለዓይናችን ነጭ ሆኖ ይታያል። አንዳንድ ማታ ደግሞ ከጨረቃዋ ጋር የተጣበቀ፣ ትንሽ፣ ከውጪ በኩል ቀላ ያለ ክብ ይታያል። እሱ ሌላ ነው፤ የሚመጣው ከበረዶ ሳይሆን ከደቃቅ የውሃ ጠብታ ነው፤ ብርሃኑም የሚበተነው በጠብታዎቹ ዙሪያ ሲያልፍ ነው። ቀዩ ከውስጥ ከሆነ በረዶ፣ ከውጪ ከሆነ ውሃ ብላችሁ ልትለዩት ትችላላችሁ። ቀስተ ደመና ደግሞ ከሁለቱም ይለያል፤ እሱን ለማየት ለፀሐይ ጀርባችንን መስጠት አለብን።

እኛን ከሁሉ በላይ የገረመን ግን ይህ ነው፦ ያን ማታ አጠገብ ለአጠገብ ቆመን ያየነው ቀለበት አንድ አልነበረም። ወደ እኔ ዓይን የመጣው ብርሃን ያለፈባቸው ቅንጣቶችና ወደ ጓደኛዬ ዓይን የመጣው ያለፈባቸው ቅንጣቶች የተለያዩ ናቸው። ማዕዘኑ የሚለካው ከተመልካቹ ዓይን ስለሆነ እያንዳንዳችን የየራሳችን ቀለበት ነበረን። አንድ እርምጃ ስንራመድ ቀለበቱም አብሮን ይራመዳል። «በመቀሌ ላይ የታየ ምልክት» የሚለው አባባል በዚህ በኩልም አይቆምም። ደመናው በተዘረጋበት ሁሉ፣ ውቅሮም ማይጨውም፣ ቀና ያለ ሁሉ የራሱን አይቷል።

እና ለምን ሁልጊዜ አናየውም? እናየው ነበር፤ ቀና ስለማንል ነው። በጨረቃ ዙሪያ የሚታየው ብርሃኗ በሚበረታባቸው ሌሊቶች፣ ማለትም በ13ኛው፣ በ14ኛውና በ15ኛው አካባቢ ነው። አያሙል ቢድን የሚጾም ተማሪ ደግሞ በእነዚያ ሌሊቶች ከመግሪብ በፊት ጀምሮ ሰማይ ሰማይ ያያል። ስለዚህ የእኛ ጀመዓ ከሌላው ሰው ይልቅ ቀለበቱን ደጋግሞ ማየቱ አይደንቅም። ገበሬዎች ጨረቃ ስትከበብ ዝናብ ይመጣል የሚሉትን ግን ከጦርነቱ ወሬ ጋር አንደባልቀውም። ስስ ከፍተኛ ደመና አንዳንድ ጊዜ ከዝናብ ደመና ቀድሞ ስለሚመጣ ነገሩ መሠረት አለው፤ እንደ እኛ ባለ ደጋ አገር ሁልጊዜ አይሠራም እንጂ። እንዲህ ያለው ልምድ ነው፤ ዝናቡን የሚያወርደው አላህ መሆኑን እስካልረሳን ድረስ።

ዐረቦች ይህን ቀለበት ሃላ ይሉታል። ሴት ልጅንም ይሰይሙበታል፤ የእናታችን ኸዲጃ (ረ.ዐ) እህት ሃላ ቢንት ኹወይሊድ ነበረች፤ የሐምዛ (ረ.ዐ) እናትም ሃላ ነበረች። ልጁን በጦርነት ምልክት ስም የሚጠራ ወላጅ የለም፤ ዐረቦቹ ውበቱን አይተው ነው። በፈረንጆቹ ዘንድ የሚጠራበት ቃል ደግሞ ከግሪክ የመጣ ሲሆን መጀመሪያ ትርጉሙ አውድማ ነበር። በሬዎች እየዞሩ እህል የሚያበራዩበት ክብ! ከእኛ መካከል ገጠር ያደገ ሰው ይህን ሲሰማ ወዲያው ይገባዋል።

ስለ ሃላ ምክንያት ከመረመሩት መካከል ቀደምት ሙስሊሞች ይገኙበታል። በ965 ገደማ በበስራ ተወልዶ ካይሮ ውስጥ በ1040 ገደማ የሞተው ኢብኑል ሃይሠም (ዓመተ ምሕረቶቹ እ.ኤ.አ ናቸው) ስለ ሃላና ስለ ቀስተ ደመና ራሱን የቻለ ጽሑፍ አለው። እሱን በየፖስተሩ ላይ «የኦፕቲክስ አባት» እያልን እንለጥፈዋለን። ያልለጠፍነው ነገር ቢኖር በዚያ ጽሑፉ መሳሳቱን ነው። ደመናውን እንደ መስተዋት ቆጥሮ ነገሩን በብርሃን ነጸብራቅ ሊያስረዳ ሞከረ፤ አልሆነም። ከ200 ዓመታት በላይ ቆይቶ ከማሉዲን አልፋሪሲ መጣ። የኢብኑል ሃይሠምን ትልቁን ኪታብ ሲያብራራ ስለ ቀስተ ደመና ያለውን ዝም ብሎ አልገለበጠም። ክብ ብርጭቆ ውሃ ሞልቶ፣ ጨለማ ክፍል ውስጥ አስቀምጦ፣ ብርሃን አስገባበት። ብርሃኑ ሲገባ መታጠፉን፣ ውስጥ መንጸባረቁን፣ ሲወጣ እንደገና መታጠፉን በዓይኑ አየ። በዚያው ዘመን ጀርመን ውስጥ ቴዎዶሪክ የተባለ መነኩሴ እሱን ሳያውቅ ወደ ተመሳሳይ መልስ ደርሷል። የሃላው መልስ ግን በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ፈረንሳዊው ማርዮት የበረዶ ቅንጣትን ሐሳብ እስኪያመጣ ቆየ።

ይህን ሁሉ የምንለው ለኩራት አይደለም። ከማሉዲን መምህሩን እያከበረ ነው ያረመው። እኛ ደግሞ አንድ ቴሌግራም ጽሑፍ ለማረም እናፍራለን፤ ላኪው ሲኒየራችን ስለሆነ ወይም ከላይ «ሐዲስ» የሚል ስለተጻፈበት። ያ ማታ የደረሰን ጽሑፍ ዘጋቢም ምንጭም አልነበረውም። አንዳንዱ ደግሞ በቂያማ መቃረቢያ ሂላል ገዝፎ ይታያል የሚለውን ዘገባ ጠቅሶ ተከራከረን። ያ የሚናገረው ስለ አዲስ ጨረቃ ነው፤ በ14ኛዋ ሌሊት ጨረቃ ዙሪያ ስላለ ክብ አንድም ቃል የለውም።

በተቃራኒው በኩል ያለውንም ስሕተት እንናገር፣ ምክንያቱም እሱም የእኛ ነው። በማግስቱ የተቆጣ አንድ ወንድማችን «22 ዲግሪ ቁርኣን ውስጥ ተጠቅሷል» ብሎ የአንቀጽ ቁጥር እየደማመረ ላከ። ውድ ወንድማችን፣ ኒያህ መልካም ነው፤ ነገር ግን ቁርኣን በእኛ ካልኩሌተር የሚደገፍ መጽሐፍ አይደለም። ዛሬ በግድ ያጣበቅነው ቁጥር ነገ ሲላቀቅ የሚያፍረው ማን ነው? ሰማይን እንድናይና እንድናስተነትን መታዘዛችን ይበቃናል። ለግርዶሽ የተደነገገ ሶላት አለ፤ ለሃላ ግን የለም፤ እኛም አንጨምርም። ዚክር ለማለት ግን ማንም አይከለክለንም።

የዶርም ጓደኞቻችን ደግሞ ከሌላ እምነት ናቸው፤ እነሱም ቀለበቱን አይተው የራሳቸውን ብለዋል። ቀስተ ደመናን የማርያም መቀነት ብሎ ያደገ ልጅ ዘንድ ሄዶ መከራከር አያስፈልግም። እርሳሱን አውጥታችሁ ስድስቱን ጎን አሳዩት፤ ስንዝራችሁን ዘርግታችሁ ለኩለት። እኛ ሞክረነዋል፤ አንድ ክፍል ሙሉ ሰው እጁን ወደ ሰማይ ዘርግቶ ኮሪደሩ ላይ ተሰልፎ ነበር፤ ጥበቃው ምን እንደሆንን ጠይቆን ሲያበቃ እሱም ለካ።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ቀን በፀሐይ ዙሪያ ክቡን ስታዩ ፀሐይዋን ራሷን አትመልከቱ፤ በስልክ ካሜራም ቢሆን ወደሷ አታነጣጥሩና አትቆዩ። ከአንድ ሕንፃ ጥግ ወይም ከሚናራ ጀርባ ቁሙና ሕንፃው ፀሐይዋን ይሸፍንላችሁ፤ ቀለበቱ በዙሪያው ይቀራል። ፎቶውም የሚያምረው እንዲያ ሲሆን ነው።

ከእህታችን እናት ጋር ያለው ነገር በስልክ ብቻ አልተፈታም። ሦስት እህቶች ቅዳሜ አብረዋት ሄደው፣ ቡና ተፈልቶ፣ ነገሩን ከመጀመሪያው ነገሯቸው። እሳቸው መጨረሻ ላይ «እና ማን ነው ጦርነት ብሎ የጻፈው?» ብለው ጠየቁ። ልጆቹ መልስ አልነበራቸውም። ስለዚህ በግሩፓችን ላይ የሚከተለውን ወስነናል፦ ሱረቱል ሑጁራት ላይ የታዘዝነው ወሬን ማጣራት ለቴሌግራምም ይሠራል። ምንጭ የሌለው «ምልክት ነው» የሚል ጽሑፍ ሲመጣ አድሚኖች ያነሡታል፤ የላከውን ሰው ግን በግል ያናግሩታል እንጂ በአደባባይ አያሳፍሩትም። ፎቶውን ከታየበት ቦታና ሰዓት ጋር መለጠፍ ይቻላል፤ እንዲያውም ይበረታታል።

በሚቀጥለው አያሙል ቢድ፣ በ14ኛዋ ሌሊት፣ ከዒሻ በኋላ ኳስ ሜዳው አጠገብ እንገናኝ። የፊዚክስ ተማሪዎች የሆኑ ወንድሞችና እህቶች ክብ ብርጭቆና ጠንካራ ባትሪ ይዘው እንደሚመጡ ቃል ገብተዋል፤ ከማሉዲን የሠራውን እንሞክራለን። ደመና ከሌለ ቀለበት አይኖርም፤ ቴምርና ሻይ ግን ኢንሻአላህ ይኖራል። የዶርም ጓደኞቻችሁን ይዛችሁ ኑ፤ ባለ ስድስት ጎን እርሳስም አትርሱ።